ሴት ብታውቅ… (ስለ አስናቀች ወርቁ)

‹‹ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል›› ይላል የአገራችን ተረት። ይህ ተረት በየችሎቱ፣ በየሽምግልናውና በየማጀቱ ሲጠቀስ ኖሯል። ከሁሉ ይልቅ ግን ቃል በቃል የተፈጸመበት አንድ ሥፍራ አለ፤ እርሱም የቴአትር መድረክ ነው። ዘመናዊ ቴአትር ወደ ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ ለሠላሳ ዓመታት ያህል በአማርኛ ተውኔት ውስጥ እናት ብትኖር፣ ሚስት ብትኖር፣ ንግሥትም ብትኖር በአደባባይ መድረክ የሚጫወታት ወንድ ነበር። ጢሙን ይላጫል፤ ሻሽ ያስራል፤ ድምፁን ያቀጥናል፤ ከዚያም ስለ ምጥ፣ ስለ መከዳት፣ ልጅን ስለ መቅበር በሴት አንደበት ይናገራል። የሴቲቱ ዕውቀት፣ የሴቲቱም ዕንባ በወንድ ያልቅ ነበር።

ይህን ልማድ በመስበር ስሟ በቀዳሚነት የሚጠራው አስናቀች ወርቁ ናት። ብዙዎቻችን አስናቀችን የምናውቃት በክራሯ ነው። ትዝታን ስትጫወት ሰምተናታል፤ ቅኔ አዘል ግጥሟን በቃላችን ይዘናል። በእኔ እምነት ግን ከክራሩ በፊትም ሆነ ከክራሩ ጋር መነሣት ያለበት ሌላ ታሪክ አላት፤ እርሱም የተዋናይነቷ ታሪክ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ውድ አንባብያን ያንን ታሪክ ከእኔ ጋር እንዲያስታውሱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ ንግሥት ዘውዲቱ ዘመን እንመለስ። በጊዜው በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም (በኋላ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው ናቸው) ‹‹ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ›› የተሰኘውን ተውኔት ጻፉ። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት ይኸው ነው። ገጸ ባሕርያቱ እንስሳት ነበሩ፤ ይሁን እንጂ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች በእንስሳቱ ውስጥ ራሳቸውን ስላዩ ቴአትር ታገደ። ዘመናዊው ቴአትራችን ገና ሲወለድ ያስፈራ ነበር ማለት ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት እንደገና ሲፈቀድ ቤቱን ያደረገው በትምህርት ቤት ውስጥ ነው። እንደ ዮፍታሔ ንጉሤ ያሉ ደራስያን መምህራን ነበሩ፤ ተዋናዮቻቸውም ተማሪዎቻቸው ናቸው። በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ይሁን በቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ተማሪ ማለት በአብዛኛው ወንድ ልጅ ማለት ነበር። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1924 ዓ.ም. ነው። መምህራኑ ራሳቸው ከወጡበት ከቅኔ ቤትም ሴት ተማሪ እምብዛም አልነበረችም። ስለዚህ የሴትን ገጸ ባሕርይ ለወንድ መስጠት የደራሲዎቹ ክፋት አልነበረም፤ ተማሪ ቤቱ የሰጣቸውን ይዘው ነው የሠሩት። ዮፍታሔ ‹‹አፋጀሽኝ›› የሚል ተውኔት አላቸው። ርእሱ እንደሚታየው ሴትን ፊት ለፊት የሚያናግር ነው። ‹‹አንቺ›› ተብላ የምትጠራ አለች፤ መድረክ ላይ ግን አልነበረችም።

ልማድ ሲቆይ ምክንያቱ ይረሳና ሕግ ይሆናል። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር በመኰንን ሀብተ ወልድ ጠንሳሽነት ሲመሠረት፣ ከዚያም ከጣሊያን ወረራ በኋላ ማኅበሩ ሥራውን ሲቀጥል፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም የራሱን የቴአትር ቡድን ሲያቋቁም፣ ‹‹ሴት የለችም›› የሚለው ምክንያት ቀስ በቀስ ‹‹ሴት አይገባትም›› ወደሚል ተለወጠ። ጨዋ የሚባል ቤተሰብ ልጁን ለቴአትር አይሰጥም። ወደ መድረክ የምትወጣ ሴት አስቀድማ መጥፎ ስም ትቀበላለች፤ ሥራዋን የምትጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

አስናቀች በዚህ ዘመን ውስጥ ያደገች የአዲስ አበባ ልጅ ናት። የተወለደችው በስድስት ኪሎ አካባቢ በ1927 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጥቂት ቆይቶ ወራሪው ጦር ከተማይቱን ስለያዘ የሕፃንነት ዘመኗ በወረራ ውስጥ አለፈ። እናቷን በልጅነቷ አጣች። ክራርን ያስተማራት መምህር አልነበረም፤ ራሷ እየነካካች፣ ቅኝቱን በጆሮዋ እየፈለገች ለመደችው። በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ ገና የዐሥራ ሰባትና የዐሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ሳለች፣ ‹‹የፍቅር ጮራ›› በተሰኘ ተውኔት ውስጥ የሴትን ገጸ ባሕርይ ይዛ ወደ መድረክ ወጣች። በዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይ የሚለውን ስም ያተረፈችው በዚህ ነው።

እስቲ ያቺን ምሽት በኅሊናችን እንያት። ተመልካቹ ሴት ሲባል በሻሽ የተጠቀለለ ወንድ ማየት የለመደ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ መሣቅ የተለመደ ነው፤ ወንድ ሴት ሆኖ ሲያለቅስ ከዕንባው ይልቅ ማስመሰሉ ይታያልና። አሁን ግን የምትናገረው እውነተኛ ሴት ናት። ድምፁ የራሷ ነው፤ አንገቷን የምትሰብረው ተምራው ሳይሆን የኖረችው ስለሆነ ነው። ተመልካቹ ከእንግዲህ በማስመሰሉ እየሣቀ ከነገሩ ማምለጥ አይችልም። በአንዲት ተዋናይ መምጣት ድራማው ራሱ ተለወጠ ብል ማጋነን አይመስለኝም። ደራሲው ለሴት የሚጽፈውን ቃል ከዚያ በኋላ የምትመዝነው ሴት አለችና።

የ1948 ዓ.ም. ሲደርስ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት ተከበረ። በዚሁ ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በመኰንን እንዳልካቸው ‹‹ዳዊትና ኦርዮን›› ተመርቆ ተከፈተ። ደጃፉ ላይ የፈረንሳዊው የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ቆመ። አስናቀችም የዚህ ቤት ባልደረባ ሆነች። ከአብዮቱ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው ይኸው ቤት ነው። ንጉሡ ሲወርዱ፣ የደርግ መፈክር ግድግዳውን ሲሞላ፣ የተውኔቱ ዓይነት ከመኳንንት ታሪክ ወደ ጭቁኖች ትግል ሲለወጥ፣ እርሷ እዚያው ነበረች። ሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ተወነች፤ ዘፈነች፤ ተወዛወዘች። የአንድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ሁለት መንግሥት መሻገር ለማንም ቀላል አይደለም። ለተዋናይት ደግሞ መንግሥት ሲለወጥ የሚለወጠው አለቃው ብቻ አይደለም፤ በአፏ የምትናገረው ቃልም አብሮ ይለወጣል።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ ዋጋ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። አስናቀች የተሸከመችው ነቀፋ ድርብ ነበር። አንዱ የመድረክ ነው፤ ሁለተኛው የክራር ነው። በአገራችን የበገናና የክራር ማዕረግ እኩል አልነበረም። በገና የዳዊት ነው፤ የጸሎት ነው፤ መኳንንቱም ይደረድሩታል። ክራር ግን የጠጅ ቤት፣ የፍቅርና የሐሜት መሣሪያ ተብሎ ተንቋል። ከሜሪ አርምዴ ጋር አስናቀች ይህን የተናቀ መሣሪያ በሴት እጅ ይዘው አደባባይ ካወጡት መካከል ናት። ሌሊት ክራሯን ለመስማት ገንዘብ የሚከፍላት ሰው፣ ጠዋት ልጁን ‹‹እንደ እርስዋ እንዳትሆኚ›› ብሎ የሚመክር ነበር። አዝማሪን የምንወደው ሲዘፍን ነው፤ ዘፈኑን ሲጨርስ ግን ልጃችንን አንሰጠውም።

ይህን ነገር ለመረዳት መጽሐፍ አላስፈለገኝም፤ የተወለድሁበት አገር አስተምሮኛል። እኔ የኦቾሎ ሰው ነኝ። ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ የዓባያን ሐይቅ ቁልቁል እየተመለከተ በተራራ ራስ ላይ የተቀመጠ የጋሞ መንደር ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ምሁር ማርክ አቤሌስ በ1960ዎቹ መጨረሻ መጥቶ ስለ ሸንጓችን አጥንቶ ሄዷል፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1983 በፈረንሳይኛ ታትሟል። ምሁሩን የማረከው አንድ አለቃ ሳይጫነው በአደባባይ ተቀምጦ ተነጋግሮ የሚወስነው የኦቾሎ ጉባኤ ነው። እኛም በዱቡሻችን እንኮራለን። ኩራታችን ግን አንድ የማይነገር ጎን አለው። በዚያ በእኩልነት በሚነገርበት አደባባይ ላይ ሴት ተነሥታ አትናገርም ነበር፤ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂውም ቦታ አልነበራቸውም። የእነዚህን ሰዎች የወል ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ስሙ ራሱ እንደ ስድብ ስለሚቆጠር ነው። ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ድስት ወጣችን ይሠራል፤ በሠራችው እንስራ ውኃ ይቀዳል፤ እርሷ ግን ከቤታችን ደጅ አልፋ አትገባም ነበር። ሥራውን እንፈልገዋለን፤ ሠሪዋን ግን አንፈልጋትም።

ደግሞም የእኛው ሰዎች ይህን ዕጣ በሌላ አገር ቀምሰውታል። በጋሞ ሽመና የወንድ ሙያ ነው፤ አያሳፍርም። እንጀራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ የወጡት ሸማኔዎቻችን ግን በሄዱበት ‹‹ቁጢት በጣሽ›› ተብለው ተሰደቡ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ ያወጁት ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያሳያል። ዐዋጁም አልነቀለውም። ሸማኔዎቹ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ በሽሮ ሜዳ ሠፈሩ። አስናቀች ከተወለደችበት ሠፈር በላይ ማለት ነው። መድረክ ላይ ሲያበራ የምናየው የሐበሻ ቀሚስ በብዛት የሚወጣው ከእነዚህ የጋሞ ሰዎች መወርወሪያ ሥር ነው። በአንድ ዳገት ላይ፣ ቀሚሱን የሚሸምነውም ቀሚሱን ለብሳ የምትጫወተውም በአንድ ዓይን ይታዩ ነበር፤ ሁለቱም ይፈለጋሉ፤ ሁለቱም ይናቃሉ። አስናቀችን ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆኜ እንደ ዘመድ የማያት በዚህ ምክንያት ነው።

እርሷ ግን አላጎነበሰችም። የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ንቀትን የሚሸሽ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ መደበቅ ነው፣ ሁለተኛው ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሆኖ መኖር ነው። አስናቀች ሁለቱንም እምቢ አለች። አለባበሷ፣ አነጋገሯ፣ አካሄዷ ‹‹አዎን፣ እኔ ነኝ›› የሚል ነበር። በግጥሟም የሚከዳትን ወዳጅ በቅኔ ወጋ ታደርጋለች፤ አትለማመጠውም። ራሄል ሳሙኤል እ.ኤ.አ. በ2013 ‹‹አስኒ›› ብላ በሠራችው ዘጋቢ ፊልም የእንግሊዝኛ ርእስ ላይ ድፍረት የሚለውን ቃል ከሁሉ አስቀድማለች። ተገቢ ምርጫ ይመስለኛል። ውበትም ስሜትም ተከትለው ይመጣሉ፤ የመጀመሪያው ግን ድፍረት ነው።

አሁን ወደ አንድ አሳዛኝ ነገር ልምጣ። የተዋናይ ሥራ እንደ ጠዋት ጤዛ ነው። ደራሲ መጽሐፉን፣ ሠዓሊ ሸራውን፣ ሸክላ ሠሪዋ እንኳ ገሏን ትታ ትሄዳለች። የመድረክ ሰው ግን መጋረጃው ሲዘጋ ሥራው አብሮት ይጠፋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተጫወተችው ሁሉ በተመልካቹ ትዝታ ውስጥ ብቻ ቀረ፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን አብዛኛው የመድረክ ሥራ አልተቀረጸም። በዚያው በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያው ረጅም የኢትዮጵያ ፊልም ታየ። ርእሱ ‹‹ሒሩት አባቷ ማን ነው?›› ይባላል። ልብ በሉ፤ አስናቀች መድረክ ላይ ከወጣች ዐሥራ ሁለትና ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢያልፍ ነው። ትናንት ሴትን በወንድ ያስጫውት የነበረ ሕዝብ የመጀመሪያ ፊልሙን በሴት ስም ሰየመ። የሒሩትን ዕንባ ሻሽ ያሰረ ወንድ እንዲያለቅስላት ያሰበ ማንም አልነበረም። በዛሬው የፊልምና የቴሌቪዥን ድራማ ደግሞ ያለ ሴት ተዋናይ አንዲት ምዕራፍ አትሠራም። በሩ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ማን እንደ ከፈተው አይጠየቅም፤ የበር ዕጣው ይህ ነው።

የአስናቀች ስም ከመረሳት የዳነው በክራሯ ነው። ትወናዋ ከመጋረጃው ጋር ቢሄድም ድምፅዋ በሸክላና በካሴት ቀረ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው ኢትዮፒክስ በተሰኘው ተከታታይ የሙዚቃ ኅትመት ውስጥ ዐሥራ ስድስተኛው ቅጽ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው፣ ሙሉ በሙሉ የእርሷ ነው። ነገሩ ሲታሰብ ይገርማል፤ ያ የተናቀ መሣሪያ፣ ከጠጅ ቤት ያልወጣ የተባለው ክራር፣ የመጀመሪያዋን ተዋናይት ታሪክ በጀርባው አዝሎ ወደ እኛ አሻገረ። ስለ ክራሯ የሚጠይቅ ሰው ስለ መድረኩ ይሰማል።

የመጨረሻ ዓመታቷን በሕመም አሳለፈች። መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ዐዲሱ ዓመት በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ዐረፈች።

ይህን ሁሉ ለምን ዛሬ እንዳነሣሁት ልናገር። የእህቴ ልጅ በኦቾሎ የምትማር ዐሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ ናት። በትምህርት ቤቷ የድራማ ክበብ ውስጥ ልጅዋን ያለ ዕድሜዋ የምትድር እናት ሆና እንድትጫወት ተመረጠች። አባቷ ተቆጣ። ‹‹ሰው ፊት ቆማ ልታለቅስ ነው? ማን ያገባታል?›› አለ። እህቴ ጭንቅ ሲላት ወደ እኔ ደወለች። እኔም እንደ ልማዴ ታሪክ አነሣሁ። ስለ አስናቀች ነገርኋት፤ የመጀመሪያዋ እንደ ነበረች፣ ስንት ሰው እንዳከበራት፣ ፊልም እንደ ተሠራላት። እህቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝና ‹‹መጨረሻዋስ እንዴት ሆነ፣ ወንድሜ?›› አለችኝ።

ጥያቄው የእናት ጥያቄ ነው። ስለ ቴአትር ታሪክ አይደለም የጠየቀችኝ፤ ስለ ልጇ ነው። ‹‹በክብር ኖራ በምቾት አለፈች›› ብዬ ብመልስ ደስ ባላት ነበር፤ እውነቱ ግን እንዲያ የተጠቀለለ አይደለም። እንዲህ አልኋት፦ ‹‹ዋጋ ከፍላበታለች። ታማ ነው የሞተችው። ነገር ግን እርሷ የከፈለችውን ዋጋ ከእርሷ በኋላ የመጡት ሙሉውን አልከፈሉትም። ልጅሽ የምትከፍለው ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ እርሱም ቢሆን እኛ ካስከፈልናት ነው።›› እህቴ ዝም አለች። አባትየው እስከ ዛሬ አልፈቀደም፤ አልከለከለምም። ልጅቷ ግን ልምምዷን አላቋረጠችም።

በዚህ ነገር ላይ ብዙ አሰብሁ። የጋሞ አባቶች በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል በተነሡ ጊዜ፣ እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበርክከው እንደ መለሷቸው አገር ሁሉ ያውቃል። ሣር ይዞ ሰው ፊት መንበርከክ፣ ያለ ቃል በአካል መናገር፣ የብዙ ሰውን ልብ በአንድ ምልክት ማብረድ ምንድን ነው? እኛ በአካል የሚነገር ቃልን የምናከብር ሕዝብ ነን። በአደባባይ ማልቀስን ለሽማግሌ ክብር፣ ለሴት ልጅ ግን ነውር የምናደርግበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ለልጅቷ ልነግራት አልችልም። ለአባቷም እንዲሁ።

እኔ በባንክ ተቀምጬ ገቢና ወጪ የምመዘግብ ሰው ነኝ። ዕዳ የሚለውን ቃል በዋዛ አልጠቀምበትም። ለአስናቀች ዕዳ አለብን ስል ሐውልት ይቁምላት፣ መንገድ ይሰየምላት ማለቴ አይደለም፤ ቢደረግ መልካም ነው። የእርሷ ዕዳ የሚከፈለው ግን በሌላ ገንዘብ ነው። በየገጠሩ ትምህርት ቤት፣ ተራራ ላይ ባለ መንደር ሳይቀር፣ አንዲት ልጅ የራሷን ቃል በራሷ ድምፅ ተናግራ ስትወርድ፣ ወደ ቤቷ ስትገባ ስሟ ሳይለወጥ ከጠበቃት፣ ያን ጊዜ ጥቂት ተከፈለ ማለት ይቻላል።

ለመታሰቢያዋ ይህችን ቋጠርሁ፦

ያላንቺ ተጻፈ ያንቺ ለቅሶና ሣቅ፣
ሻሽ ያሰረ ወንዱ ባንቺ ድምፅ ሲጨነቅ፤
አንዲት ቀን ግን መጣሽ ክራርሽን ይዘሽ፣
የራስሽን ዕንባ በዐይንሽ አልቅሰሽ።
ገንዘብ የሚቆጥር እጄ ይህን ጻፈ፤
ያንቺ ሳይከፈል ነው ዘመኑ ያለፈ።